ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ለድሬ ይሆናል?

ክርክሩ፦ ግሩፓችን ላይ የለንደን ቀይ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ፎቶ ተለጥፏል። «ለድሬም ይግባላት፣ ባጃጅ ይብቃን» የሚል ጽሑፍ አለው። ይግባላት ወይስ ይቅርባት?

የሳቢያን ልጅ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አቦ፣ ባጃጅ ሦስት ሰው ነው የሚጭነው። የድሮው የለንደን አውቶቡስ፣ ሩትማስተር የሚሉት፣ 64 መቀመጫ ነበረው። ከሃያ ባጃጅ በላይ ማለት ነው! ጠዋት ከሳቢያን ከዚራ ስንሄድ መንገዱ ምን ያህል እንደሚቀል አስቡት።

የከዚራ ነዋሪ፦ ወንድሜ፣ ስሌትህ ልክ ነው። ባጃጁ እንደበዛም አልክድም። ግን ሩትማስተር እንዲያ የተወደደው ፎቅ ስላለው አይመስለኝም። ለከተማው ተብሎ ስለተሠራ ነው። አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። አካሉ አሉሚኒየም ስለነበር ቀላል ነበር፣ ነዳጅ ይቆጥባል። ከኋላ በር የለውም፣ ክፍት ነው። መንገድ ሲዘጋጋ ሰው ዘሎ ይወርዳል፣ ዘሎ ይሳፈራል። ሂሳብ የሚሰበስበው ሌላ ሠራተኛ ስለሆነ ሹፌሩ ቆሞ አይጠብቅም። እንዲህም ሆኖ በ2005 ከመደበኛ መስመር ወጣ። በዊልቼር የሚሄድ ሰው ሊሳፈርበት አይችልም ነበርና።

በ2012 ደግሞ አዲስ ሩትማስተር መጣ። ሲጀምር ፎቁ ላይ የሚከፈት መስኮት አልነበረውም። ሙቀት ሲመጣ ተሳፋሪው ታፈነ፣ ኋላ ላይ የሚከፈት መስኮት ተገጠመለት። ይህ ለንደን ነው! የድሬን የሰባት ሰዓት ፀሐይ ጣሪያው ላይ ጨምሩበት።

የለገሃሬ ልጅ፦ እናቴ ከቀፊራ ሽንኩርትና ቲማቲም በዘንቢል ይዛ ስትመለስ ባጃጁ ደጃችን ድረስ ያመጣታል። ዘንቢሉን እግሯ ስር ታስቀምጣለች፣ አለቀ። ፎቅ ትውጣ? ጉልበቷም አይችልም። ታች ያለው ወንበር ደግሞ ቀድሞ ነው የሚሞላው።

ከሐረር፦ እኛ ጋ እንኳን ባለ ፎቁ፣ ተራ አውቶቡስም የጁገል ጠባብ መንገድ ውስጥ አይዞርም። ከግንቡ ውጪ ግን ትልቅ አውቶቡስ ያስፈልገናል፤ እዚህ ላይ ከሳቢያኑ ልጅ ጋር ነኝ።

የሳቢያን ልጅ፦ እሺ፣ ሙቀቱንም የእናታችንንም ነገር ተቀብያለሁ። ግን መስኮቱ ሰፊ ቢሆን፣ ታችኛው ወንበር ለትልልቅ ሰዎች ቢለቀቅስ? የከዚራ ዛፍ ቅርንጫፍ ደግሞ ትንሽ ቢከረከም ያልፋል።

የከዚራ ነዋሪ፦ አውቶቡሱ ቁመቱ ከ4 ሜትር በላይ ነው። «ትንሽ» ብለን ጀምረን ጥላውን በሙሉ እናጣዋለን። ለእኔ ወለሉ ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ የሚከፈት፣ አጠር ያለ አውቶቡስ ይምጣ። በሳቢያን መስመር ቶሎ ቶሎ ይመላለስ። ዛፉ ግን አይነካ። አንድ ቀን በሰባት ሰዓት ከባቡር ጣቢያው በእግርህ ና። ጥላው ውስጥ ስትገባ ለምን እንደምሟገት ይገባሃል።