ከዝናብ በኋላ የጉድጓዳችን ውሃ ደፈረሰ፤ በረኪና ስንት እንጨምር?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ግቢያችን ውስጥ 12 ሜትር የሚጠልቅ፣ አፉ 1 ሜትር የሚሰፋ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለን። ሰሞኑን ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ ወዲህ ውሃው ደፈረሰ፤ ጠረኑም ተለወጠ። ወንድሜ «ነገ ወርጄ ደለሉን አወጣለሁ፣ ከዚያ በረኪና እንጨምርበታለን» ይላል። መጠኑ ስንት ይሁን? የ4 ወር ሕፃን ስላለችን ጨንቆኛል።

መልስ (ጉድጓድ ቆፋሪ)፦
እህቴ፣ ከበረኪናው በፊት ወንድምሽን አስቁሚው! ጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅን ሊያንስ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታች ሊተኛ ይችላል። አይታይም፣ አይሸትም፤ ሰው ጥቂት ትንፋሽ ስቦ ራሱን ይስታል። የሚያንገበግበው ደግሞ ሊያወጣው ብሎ ተከትሎ የሚገባው ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም እዚያው ይቀራሉ። እኔም አብሮኝ ይሠራ የነበረ ጓደኛዬን በዚህ አጥቻለሁ። ሻማ አውርዶ መሞከር አያስተማምንም፤ ሻማው እየበራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። በነዳጅ የሚሠራ ፓምፕም ወደ ውስጥ አታውርዱ፤ ጭሱ ይታመቃል። ደለሉ የግድ መውጣት ካለበት የጋዝ መለኪያ፣ አየር መንፊያ፣ የደህንነት ቀበቶና ከላይ የሚስቡት ሰዎች ያሉት ባለሙያ ያውጣው።

መልስ (የውሃ ላቦራቶሪ ባለሙያ)፦
በቆፋሪው ሐሳብ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ወደ በረኪናው ልሂድ። መጀመሪያ ከላይ ሆናችሁ በባልዲ እየቀዳችሁ ድፍርሱን ራቅ አድርጋችሁ ድፉ፤ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ጀርም የሚገድለውን የበረኪናውን ክሎሪን ጭቃው ይጨርሰዋል። ሽቶ የሌለው 5 በመቶ በረኪና ከሆነ ለ1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ነው። በዚህ ስፋት 1 ሜትር የውሃ ጥልቀት 785 ሊትር ይይዛል፤ ውሃው 3 ሜትር ከሆነ 2.4 ሊትር በረኪና ይበቃል። በውሃ አቅጥናችሁ ግድግዳውን ዙሪያውን እያጠባችሁ አፍስሱት። ሳይቀዳ ቢያንስ ለ12 ሰዓታት ይቆይ፤ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ እየቀዳችሁ ድፉ። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ለሕፃኗ ግን በረኪና ብቻ አይበቃም። ከማዳበሪያና ከሽንት ቤት የሚሰርግ ናይትሬት በክሎሪን አይጠፋም፤ ሲፈላ ደግሞ ውሃው እየተነነ እሱ ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ ሲበልጥ የጨቅላዎች ደም ኦክስጅን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። የምርመራ ውጤት እስኪመጣ የዱቄት ወተቷን በዚህ ውሃ አትበጥብጡ፤ እናንተም ሌላ ንጹሕ ውሃ ጠጡ። የናይትሬት ናሙና አሁኑኑ ይወሰድ፤ የኢ. ኮላይ (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) ግን ክሎሪኑ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሽንት ቤታችን 15 ሜትር ይርቃል፣ ከጉድጓዱ ከፍ ብሎ። የጉድጓዱ አፍ ከመሬት እኩል ነው፤ በቆርቆሮ ነው የምንከድነው።

መልስ (ጉድጓድ ቆፋሪ)፦
ይኸው ምክንያቱ! ሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከጉድጓዱ ዝቅ ባለ ቦታ ነው የሚሆነው። የጉድጓዱን አፍ ግማሽ ሜትር ያህል አስነሡ፤ ዙሪያውን ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ወለል አስደርጉ፤ የላይኛው 3 ሜትር ግድግዳ ውሃ እንዳያስገባ ይለሰን። ክዳኑ የሚቆለፍ ይሁን፤ ሕፃኗ ነገ መዳህ ትጀምራለች። ይህ ሳይሠራ በረኪናው እስከ ቀጣዩ ዝናብ ብቻ ነው።

መልስ (የሳይንስ መምህርት)፦
ጥራቱ ላይ ብቻ እንዳንቀር አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪዎቼ ጫፉ ላይ ክብደት በታሰረበት ገመድ የየቤታቸውን ጉድጓድ በየወሩ ይለካሉ። አንዱ ቤት በፓምፕ ብዙ ሲስብ የጎረቤቱ ውሃ ሲወርድ በዓይናቸው አይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ «ጉድጓዳችን የራሳችን ነው» የሚል ልጅ የለም። የጣሪያ ዝናብ ከጉድጓዱና ከሽንት ቤቱ ርቆ መሬት ውስጥ እንዲሰርግ ማድረግ የከርሰ ምድሩን ውሃ ይተካል። የደረቀ ጉድጓድ ካላችሁ ደግሞ ቆሻሻ አትጣሉበት፤ ወደ ሁላችንም ውሃ የሚወስድ ቀጥተኛ መንገድ ነው።

ጠያቂዋ፦
ወንድሜ አጠገቤ ሆኖ ሁሉንም አነበበ፤ መሰላሉን መልሶታል። የናይትሬቱን ናሙና ነገ ጠዋት አብረን እንወስዳለን።