የእርሾ ዲኤንኤ ከሚዮሲስ በፊት ለመባዛት ለምን ይዘገያል?

ደሴ ውስጥ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። የሕዋስ ክፍፍልን፣ ማለትም ማይቶሲስን (አንድ ሕዋስ ራሱን የሚመስሉ ሁለት ሕዋሶች የሚሆንበትን) እና ሚዮሲስን (ክሮሞሶሞች በግማሽ የሚቀንሱበትን፣ ሁለት ጊዜ የሚካሄደውን ክፍፍል) የማስተምረው በዳቦ እርሾ ነው፤ የወሎ ልጅ እርሾን ከቤቱ ያውቀዋል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ «ዲኤንኤው ከማይቶሲስም ከሚዮሲስም በፊት የሚባዛው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት። ቤት ገብቼ ሳነብ ግን መልሴ ጎደሎ ሆኖ አገኘሁት፤ ሳላርመው ማደር አልፈልግም።

እስካሁን የተረዳሁት ይህ ነው። በሁለቱም ዲኤንኤው የሚባዛው አንድ ጊዜ ነው፤ በሚዮሲስ አንደኛና ሁለተኛ ክፍፍል መካከል አይደገምም። መባዛቱ የሚጀምርባቸው ቦታዎችም በአብዛኛው ያው ናቸው። ሆኖም ከሚዮሲስ በፊት ሲሆን ከ2 እስከ 3 እጥፍ የሚደርስ ጊዜ ይወስዳል። ደግሞም መባዛቱን ለማስጀመር የሚረዱት ሲኤልቢ5 እና ሲኤልቢ6 የተባሉት ፕሮቲኖች ሁለቱም ከሌሉ፣ በማይቶሲስ መባዛቱ ቢዘገይም ይከናወናል፤ በሚዮሲስ ግን ይቀራል።

መጀመሪያ ምክንያቱ ረሃብ መሰለኝ፤ እርሾ ወደ ሚዮሲስ የሚገባው ናይትሮጂን ሲያጣ ነውና። ነገር ግን ክሮሞሶሞቹ (ዲኤንኤውን የያዙት ጥቅሎች) በዚያው ሰዓት ለዘረመል ልውውጥም ይዘጋጃሉ። ሁለቱን ለይቼ ለተማሪዎቼ ማስረዳት አቃተኝ።

መነሻ ቦታዎቹ አንድ ከሆኑ፣ መባዛቱን የሚያዘገየው የምግብ እጥረቱ ነው ወይስ ለዘረመል ልውውጥ የሚደረገው ዝግጅት?