ሜርኩሪ ከረጋ ብርዱን በምን ለኩት?

ፊዚክስ መምህር፦
ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ቴርሞሜትር ሳስተምር የአሜሪካዊውን ሐኪም የኤሊሻ ኬንት ኬንን ጉዞ አነሳሁ። በሰሜን ዋልታ አካባቢ የጠፋውን እንግሊዛዊ አሳሽ ጆን ፍራንክሊንን ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1853 «አድቫንስ» በምትባል መርከብ ወጣ። ሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ ላይ በረዶ መርከቧን ያዛት። በፌብሩዋሪ 1854 ብርዱ ከዜሮ በታች 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገባ። ይህን ስል አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ «ሜርኩሪ እኮ ከዜሮ በታች 39 ላይ ይረጋል፤ ታዲያ በምን ለኩት?» አለችኝ። ነገ እነግርሻለሁ ብያለሁ። እባካችሁ እርዱኝ።

አየር ተመልካች፦
መምህር፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት። መልሱ አልኮል ነው። እኔ ደብረ ብርሃን አካባቢ 22 ዓመት ቴርሞሜትር ሳነብ ኖሬያለሁ። በነጩ ሳጥን ውስጥ የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት የሚይዘው ሜርኩሪ ነው፣ የሌሊቱን ዝቅተኛ የሚይዘው አልኮል። አልኮል ግን አመል አለው። ትንሽ ተንኖ ላይኛው ጫፍ ላይ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ያኔ ከእውነተኛው ብርድ በታች ያሳያል።

በዚያ ቀን የኬን ቴርሞሜትሮች እርስ በርስ አልተስማሙም። አንዱ 51፣ ሌላው 59 ድረስ ከዜሮ በታች ወረደ። የተሻሉትን አማካይ ወስደው 55 አሉ። ልዩነቱንም ሳይደብቁ ጻፉት። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ሁለት ቴርሞሜትሮች ሲለያዩብኝ አንዱን ከሌላው አስማምቼ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ያ ገጽ ይቆጨኛል።

ደግሞ ሙቀት ብቻ አይደለም የለኩት። የሥነ ፈለክ ባለሙያው ኦገስት ሶንታግ አብሯቸው ነበር። ከድንጋይ በሠሯት ትንሽ ቤት ውስጥ በተመደበው ቀን 24 ሰዓት ሙሉ፣ በየ6 ደቂቃው የመግነጢስ መርፌዋን ያነቡ ነበር። በዚያ ብርድ!

ሰሜን ኮከብ፦
ጋሼ፣ ግን ኬን ተሳስቶ የለ እንዴ? ሰሜን ዋልታ ላይ በረዶ የሌለው ባሕር አለ ብሎ ነበር።

አየር ተመልካች፦
ልክ ነህ ልጄ፣ ተሳስቷል። በጁን 1854 ከኬን ሰዎች ዊሊያም ሞርተንና ግሪንላንዳዊው ሃንስ ሄንድሪክ ወደ ሰሜን ሄደው ክፍት ውኃ አዩ። ውኃው እውነት ነበር። ስህተቱ እስከ ዋልታው ይዘልቃል ማለቱ ላይ ነው። ያዩትንና የገመቱትን ለይተህ አንብብ። በ1855 መርከቧን ጥለው በበረዶ ላይና በጀልባ ሲወጡ መዝገቡን አልጣሉም። ኬን ከሞተ በኋላም ቻርልስ ሾት የሚባል ሰው ቁጥሮቹን አሰላ፣ ስሚዝሶኒያን የሚባለው የአሜሪካ የሳይንስ ተቋም አሳተማቸው። ፍራንክሊንን አላገኙትም፣ ቁጥሮቹ ግን ተረፉ።

ፊዚክስ መምህር፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ላብራቶሪያችን ውስጥ 6 የአልኮል ቴርሞሜትር አለ። ነገ ሁሉንም አንድ ባልዲ ውኃ ውስጥ እንነክራለን። ሁሉም ያየውን ብቻ ይጽፋል። ጠመኔውን ለዚያች ልጅ እሰጣታለሁ።