የጭቃ ግድግዳ ቴክስቸር፦ የጠቆረውን እንዴት ላፍካው?

ጎጆ_ሠሪ፦ ሰላም ለቤቱ። ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ መሥሪያ ፕሮግራም ጎጆ ቤት እየሠራሁ ነው። ለግድግዳው የጭቃ ምርጊት በስልኬ አንስቼ ቴክስቸር (ሞዴሉ ላይ የሚለጠፍ ምስል) አደረግሁት። ፎቶው በግራ በኩል ፀሐይ መትቶታል፣ በቀኝ በኩል ጠቁሯል። ሲደጋገም ግድግዳዬ የሜዳ አህያ መሰለ። ጂምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም፣ በዶጅ (ማፍኪያ ብራሽ) ላፈካው ስል ደግሞ ጭዱ ነጭ ሆነ፣ ጭቃውም ወዙን አጣ። ፎቶሾፕ የለኝም። ምን ይሻላል?

ፒክስል፦ ጂምፕ ይበቃሃል። የዶጁን ሬንጅ (የትኛውን የብርሃን መጠን እንደሚነካ) እስቲ እየው። ሀይላይትስ (ብሩህ ቦታዎች) ላይ ከሆነ ቀድሞ የሚነጣው ጭዱ ነው። ወደ ሻዶውስ (ጠቆር ያሉ ቦታዎች) ቀይረው፣ ኤክስፖዠሩን (ጉልበቱን) ወደ 10 አውርደው፣ ጫፉ ለስላሳ በሆነ ትልቅ ብራሽ ቀስ እያልክ ሂድ። ኮንትሮልን ተጭነህ ስትይዝ ዶጁ በርን (ማጥቆሪያ) ይሆንልሃል።

ቀለም_ቀቢ፦ እኔ ዋናው ፎቶ ላይ አትንካ ባይ ነኝ። አንዴ የነጣ ጭድ አይመለስም። ከላይ ባዶ ሌየር (ንብርብር) ክፈትና ሞዱን (ከታች ካለው ጋር የሚቀላቀልበትን መንገድ) ሶፍት ላይት አድርገው። የብራሹን ኦፓሲቲ (ድፍነት) 10 አካባቢ አድርገህ የሚፈካውን በነጭ፣ የሚጠቁረውን በጥቁር ቀባ። ከበዛብህ ማጥፊያ አለልህ። ሌየሩን መጀመሪያ በ50 በመቶ ግራጫ ሙላው የሚሉህ አሉ፤ ሶፍት ላይት ላይ ያ ግራጫ ምንም አይለውጥም፣ ዝለለው።

ባለሬንደር፦ ወንድሞቼ፣ ልክ ናችሁ። ግን ይሄ በእጅ የሚለቀም አይደለም፤ ከጎን ወደ ጎን የሚሄድ ጥላ ነው። ብራሹን ተወውና እዚያው ሶፍት ላይት ሌየር ላይ ግራዲየንት (ቀስ በቀስ የሚለወጥ ቀለም) ሳብ፦ ከግራ ጥቁር፣ ከቀኝ ነጭ። ሁለቱ ጎን እስኪመሳሰል የሌየሩን ኦፓሲቲ አስተካክል። ከዚያ ሌየሮቹን አዋህድና ሌየር፣ ትራንስፎርም፣ ኦፍሴት ውስጥ ገብተህ ምስሉን በስፋቱና በቁመቱ ግማሽ አዙረው። ጠርዞቹ መሃል ላይ ይገናኛሉ። መስመር ከታየህ በክሎን (ከሌላ ቦታ ቀድቶ በሚቀባው ብራሽ) ጠግን። ዶጅና በርን የሚያስፈልጉህ ያኔ ነው፤ ጎላ ያለች አንዲት ጭድ ብትኖር በየድግግሞሹ ዓይን ውስጥ ስለምትገባ እሷን አደብዝዛት።

ስንጥቁ ጥልቅ እንዲመስል ብለህ ግን በበርን አታጥቁረው። ብሌንደር ውስጥ መብራቱ ከሌላ አቅጣጫ ሲመጣ ጥላህ ያጋልጥሃል። የስንጥቅ ጥልቀት የኖርማል ማፕ (ብርሃኑ ጎድጓዳና ጉብታ እንዳለ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርግ ምስል) ሥራ ነው።

ፒክስል፦ ፀሐይ በሌለበት፣ ደመና ባለ ቀን ብታነሳው ኖሮ ግማሹ ጣጣ አይኖርም ነበር።

ጎጆ_ሠሪ፦ ግራዲየንቱ ሠራ፣ ተባረኩ! አንድ ነገር ቀረኝ። የግድግዳውን ግርጌ ዝናብ እንደረጨው ማጥቆር እፈልጋለሁ። እዚሁ ቴክስቸር ላይ ላድርገው?

ባለሬንደር፦ ኧረ በፍጹም! ቴክስቸሩ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ከተደጋገመ ዝናቡም ሦስት ቦታ ይረጫል። ብሌንደር ውስጥ ግርጌውን ብቻ በቨርቴክስ ፔይንት (ቀለሙን ሞዴሉ ነጥቦች ላይ በሚቀባው መሣሪያ) ቀባና እሱን እንደ ማስክ (ለውጡ የት እንደሚታይ ወሳኝ) ተጠቀምበት። በመልቲፕላይ (በሚያጠቁረው የማቀላቀያ ሞድ) ጥቁር ቡኒ ጨምርበት። እርጥብ እንዲመስል ራፍነሱንም (ሻካራነቱን) እዚያው ቦታ ቀነስ አድርግ።

ጎጆ_ሠሪ፦ ገባኝ፣ ማታ እሞክረዋለሁ።