የታላቅየው መጫወቻ ለታናሽየዋ አደጋ ሆነብኝ፤ ምን ዓይነት ልግዛ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ አራት ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁ። ወንዱ ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሴቷ 14 ወሯ። የምንኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ስለሆነ የሚጫወቱት እዚያው ወለል ላይ ነው። ቅዳሜ ዕለት ፒያሳ መንገድ ዳር መብራት ያለው መኪና ገዛሁለት። ማታ ልብስ ሳጥፍ ሕፃኗ የሆነ ነገር ስታላምጥ አየኋት፤ አፏን ከፍቼ ሳወጣው የመኪናው ጎማ ክዳን ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ። መኪናውን ስገለብጠው የባትሪው መክደኛም ላልቷል። የልጄን መጫወቻ ሁሉ ሰብስቤ አልጥልም፤ እሱም ልጅ ነው። ስገዛ ምን ልይ? «ሲ ኢ» (CE) የሚለው፣ የአውሮፓን የደኅንነት ደንብ ያሟላል ለማለት የሚታተመው ምልክትስ ያስተማምናል?

መልስ፦ ነርስ፣ ሕፃናት ክፍል

እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፋት። እኔን ከክዳኑ ይልቅ ያስደነገጠኝ የላላው የባትሪ መክደኛ ነው። የሰዓት ባትሪ የምንለው ክብና ጠፍጣፋው ባትሪ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ከተቀረቀረ፣ በእርጥበቱ ኤሌክትሪክ ያልፍና እንደ ኮስቲክ ሶዳ የሚያቃጥል ነገር ይፈጠራል። በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቁስል ሊያደርስ ይችላል። ሥራ ያቆመ ባትሪም ያቃጥላል። ልጅ ሳያስልና ሳያለቅስ፣ ምራቁ ብቻ እየተዝረበረበ ወይም ምግብ እምቢ እያለ ሊቆይ ይችላል።

ዋጠች ብለሽ ከጠረጠርሽ እንድታስመልስ አታስገድጂያት፤ ምግብም ወተትም አትስጪያት። ራጅ ወዳለው ሆስፒታል ሩጪ። ከዋጠች 12 ሰዓት ካላለፈና መዋጥ ከቻለች፣ መንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር እስከ 6 ጊዜ ስጪያት። ማሩ ጉዳቱን ያዘገያል እንጂ አያድንም፤ ማር ፍለጋ ብለሽ እንዳትዘገዪ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

መልስ፦ የመጫወቻ ነጋዴ፣ መርካቶ

«ሲ ኢ»ን ብዙውን ጊዜ የሚያትመው አምራቹ ራሱ ነው፤ አስመስሎ ማተምም ቀላል ነው። ስለዚህ በእሱ ብቻ አትተማመኚ። ክብ ውስጥ የሕፃን ፊትና «0-3» ተጽፎ በሰያፍ መስመር የተሰረዘበት ምልክት ካየሽ ግን እመኚው፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ማለት ነው። ሻጩ «ለእሷም ይሆናል» ቢልሽ አትስሚው፤ ሻጩ እኔ ብሆንም።

ከካርቶኑ አስወጥተሽ እዪው። የአሻንጉሊቱን ዓይን፣ የመኪናውን ጎማ በደንብ ሳቢ። ቀለሙን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትጊው፤ የሚለቅ ከሆነ ተዪው፤ የልጅን አእምሮ የሚጎዳ የእርሳስ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። አስወጥቶ ለማሳየት የሚያጉረመርም ነጋዴ ካለ ሌላ ሱቅ ሂጂ።

መልስ፦ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ፣ ካዛንቺስ

ባትሪው የሚከፈተው በካቻቪቴ ብቻ ካልሆነ አይገዛ። የላላውን በፕላስተር ማሸግ መፍትሔ አይደለም፤ ልጅ ይልጠዋል። ማግኔት ያለበትንም ተጠንቀቂ። ሁለት ማግኔት ከተዋጠ አንጀትን መሐል አድርገው ይሳሳባሉ፤ አንጀቱም ይበሳል።

መልስ፦ አያት፣ ጊዮርጊስ አካባቢ

ልጄ፣ የልጅ ልጆቼን ያሳደግሁበትን ልንገርሽ። የሶፍቱን ውስጠኛ የካርቶን ቱቦ አስቀምጪ። በእሱ ውስጥ ሾልኮ የሚያልፍ ማናቸውም ነገር ለትንሿ አይሰጥ። የወንዱን ጥቃቅን ዕቃ ክዳን ባለው ሳጥን አድርገሽ ቁም ሣጥን ላይ አውጪው፤ እሷ ስትተኛ ጠረጴዛ ላይ ይጫወትበት። ሲጨርስ አብራችሁ ቁጠሩ። ልጅ መቁጠር ይወዳል፣ የጎደለውም በዚያው ይታወቃል። እህቱን እንዲጠብቅ ግን አደራ አትበይው፤ አምስት ዓመት ለዚያ አይበቃም።

ለእሷ የእንጨት ማማሰያና ድስት ስጪያት፤ የካልሲ ኳስም ስፊላት፤ ስፌቱን ደጋግመሽ አጥብቂው።

ጠያቂዋ፦

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ በቱቦው ስለካ ዘጠኝ ዕቃ ሾልኮ አለፈ፤ አንዱ አልጋዋ ሥር ነበር። መኪናውን አስወግጄዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የፊታችን እሑድ የልጄ ልደት ነው። ፊኛ ብሰቅልስ?

መልስ፦ ነርስ፣ ሕፃናት ክፍል

እሷ ባለችበት ቤት ባትሰቅዪ እመርጣለሁ። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ የአየር ቧንቧ ላይ ተለጥፎ ይዘጋዋል፤ ጀርባ በመምታትም ለማስወጣት ያስቸግራል። ያልተነፋውም ያው ነው። የወረቀት ጌጥ ከፍ አድርገሽ ስቀዪ። እንግዶች ፊኛ ይዘው ከመጡ በር ላይ ተቀብለሽ አስቀምጪው።