ተጠባባቂው ሳያረጋግጥ «ተሳክቷል» ይባል? በዳታቤዝ ሎግ ክትትል ላይ የተነሳ ክርክር

ኮድ ጻፊ፦
ገንዘብ፣ የሕክምና መዝገብና የትኬት ሽያጭ የሚይዙ ተቋማት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዳታቤዝ ያቆማሉ። አንዱ ዋናው ነው፤ ሌላው ዋናው የወደቀ ቀን የሚተካው ተጠባባቂ። በዋናው ላይ የሚደረግ ለውጥ ሎግ በሚባል የለውጥ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ሎጉ ወደ ተጠባባቂው ይላካል፣ ተጠባባቂውም ያንኑ እየተከተለ በራሱ ላይ ይደግመዋል። ለክርክር የማቀርበው ይህን ነው፦ ሎጉ ተጠባባቂው ዘንድ መድረሱ ሳይረጋገጥ ለተጠቃሚው «ተሳክቷል» ማለት በሕግ ይከልከል። በአሲንክሮነስ፣ ማለትም ማረጋገጫ ሳይጠብቁ፣ እየላኩ «እንከታተላለን» ማለት አይበቃም። ክትትል ምን ያህል እንደጠፋ ይነግረናል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

የሌሊት ተረኛ፦
አልስማማም ወንድሜ። ሕጉ በወጣ ማግስት የሚሆነውን ልንገርህ። ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ አንድ ተጠባባቂ ብቻ ይዘህ ሲንክሮነስ (ማረጋገጫ የሚጠብቅ) ካደረግከው፣ ተጠባባቂው ሲወድቅ ዋናው ላይ ኮሚት (ለውጥን የማጽናት ትእዛዝ) ሁሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የኦራክል ዳታቤዝ ተጠባባቂ የሚያስተዳድረው ዳታ ጋርድ፣ ማክሲመም ፕሮቴክሽን በሚባለው ጥብቅ ቅንብር ሲሠራማ ይብሳል፤ ሎጉን የሚቀበልለት ተጠባባቂ ካጣ ዋናው ራሱን ይዘጋል። ሐኪሙ የመድኃኒት ትእዛዝ መጻፍ ካቃተው የጥቂት ሰከንድ ዳታ አዳንን ብለን ልንጽናና ነው?

ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ያለው ሴሚሲንክ (ከፊል ሲንክሮነስ) አሠራር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ማረጋገጫ ካልመጣለት፣ ቅንብሩን ካልነካኸው፣ 10 ሰከንድ ጠብቆ ወደ አሲንክሮነስ ይመለሳል። ሥራው ይቀጥላል፤ ደንበኛው የሚያየው ለውጥ የለም። «ሲንክሮነስ ነን» ብሎ የፈረመው ተቋም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የፈረመበትን እየሠራ አይደለም። ይህን የሚይዝልህ ክትትል እንጂ ሕጉ አይደለም።

የኔትወርክ ሰው፦
ርቀቱንም አስቡበት። ብርሃን በፋይበር ውስጥ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 5 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ደርሶ መልስ 10። እያንዳንዱ ኮሚት ይህን ይጠብቃል። ተጠባባቂውን ብናቀርበው ደግሞ አንድ ጎርፍ ወይም አንድ እሳት ሁለቱንም ይዟቸው ይሄዳል።

ኮድ ጻፊ፦
10 ሚሊሰከንድ ለተጠቃሚው አይሰማውም። የፕሮግራም ኮድ ማከማቻ በሆነው ጊትሃብ ላይ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2018 የሆነውን ተመልከቱ። የኔትወርክ ግንኙነቱ የተቋረጠው ለ43 ሰከንድ ብቻ ነበር። በዚያች ቅጽበት በአሜሪካ ሌላኛው ጫፍ ያለው ተጠባባቂ ወደ ዋናነት ከፍ ተደረገ፤ የቀድሞው ዋና ተቀብሏቸው ገና ያላስተላለፋቸው ጽሑፎች ግን ነበሩ። ሁለቱም ወገን ሌላው የሌለው ዳታ ይዞ ተገኘ። ያንን ለማስታረቅ አገልግሎቱ ከ24 ሰዓት በላይ ተስተጓጎለ። የትኛው የክትትል ስክሪን ነው ይህን የሚያድነው?

የሌሊት ተረኛ፦
ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግን ተጠባባቂውን ያለ ሰው ውሳኔ ከፍ ያደረገው አሠራርም አብሮ ይታይ። ከፍ ከማድረግ በፊት «የመጨረሻው የደረሰህ ሎግ የቱ ነው?» ተብሎ ካልተጠየቀ ክትትሉ ለስም ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን ብዙ ቦታ ክትትል የሚባለው አንድ ቁጥር ማየት መሆኑ ነው። ማይኤስኪውኤል ተጠባባቂው ከዋናው ምን ያህል ሰከንድ ወደ ኋላ እንደቀረ የሚያሳየው ቁጥር በእጁ የገባውን ሎግ ብቻ አይቶ ነው የሚናገረው። ኔትወርኩ ዘግይቶ ሎጉ ገና ካልደረሰው ዜሮ ሊያሳይ ይችላል፤ አረንጓዴ መብራት፣ ከኋላው የሌለ ዳታ። ፖስትግሬስ ላይ የመጨረሻውን የተደገመ ግብይት (አብረው የሚጸኑ ለውጦች) ሰዓት ከአሁኑ ሰዓት ቀንሰህ ከለካህ ደግሞ፣ ዋናው ሥራ ሲያጣ መዘግየቱ እያደገ ይመስልሃል። ተረኛው በሐሰት ማንቂያ ተሰላችቶ ያጠፋዋል፤ ከዚያ እውነተኛው ሲመጣ የሚሰማ የለም።

ክላስተር ላይ፣ ማለትም አንድ ዳታቤዝ በብዙ ሰርቨር ሲሠራ፣ ይከፋል። የኦራክል ክላስተር በሆነው ራክ ላይ እያንዳንዱ ኢንስታንስ (በየሰርቨሩ የሚሠራው የዳታቤዙ ፕሮግራም) የራሱን የሎግ ክር፣ ማለትም የራሱን የሎግ ተከታታይ፣ ይጽፋል፤ እያንዳንዱ ክርም የራሱ ተከታታይ ቁጥር አለው። ብዙ የክትትል ስክሪፕቶች (ትንንሽ ፕሮግራሞች) ትልቁን ቁጥር ብቻ ያወዳድራሉ። ክር አንድ 8,450 ላይ፣ ክር ሁለት 3,120 ላይ ናቸው እንበል። የክር ሁለት አንድ ሎግ መንገድ ላይ ቢቀር ትልቁ የደረሰ ቁጥር 8,451፣ 8,452 እያለ መጨመሩን ይቀጥላል፤ ስክሪኑም ደህና ነው ይላል። ተጠባባቂው ግን የሁለቱንም ክር ለውጥ በቅደም ተከተል አዋህዶ ስለሚደግም የጎደለው እስኪመጣ እዚያው ቆሟል። ስለዚህ በክር በክር፣ የደረሰውንም የተደገመውንም ለየብቻ ማየት ግድ ነው። የመድረስ መዘግየት ዋናው አሁን ቢጠፋ ምን ያህል ዳታ እንደምናጣ ይነግረናል። የመደገም መዘግየት ደግሞ ተጠባባቂው ሥራ ለመረከብ ስንት ጊዜ እንደሚፈልግ። እነዚህን ሁለቱን ደባልቆ ሪፖርት የሚያደርግ ተቋም ተቆጣጣሪውንም ራሱንም ያሳስታል።

ኦዲተር፦
እኔ የምጠይቀው ማስረጃ ነው። «ሲንክ ነው» ሲሉኝ በምን ልመነው?

የሌሊት ተረኛ፦
በልብ ምት። ዋናው ላይ አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ታዘጋጃለሽ፤ በየሰከንዱ ሰዓት ይጻፍባታል፤ በክላስተር ከሆነ ከእያንዳንዱ ኢንስታንስ። ከሁለቱም ውጭ ያለ ሦስተኛ ማሽን ያቺን ረድፍ ተጠባባቂው ላይ ያነባል። ሰዓቱ ቆሞ ከተገኘ መንገዱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል፤ የትም ይሁን። የሰርቨሮቹ ሰዓት ግን አንድ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የሰዓት ልዩነትን መዘግየት ብለሽ ትጽፊያለሽ።

ኦዲተር፦
ማንቂያው ራሱ መሥራቱስ? ሌላው የኮድ ማከማቻ ጊትላብ እ.ኤ.አ. በ2017 የሆነበትን አስታውሱ። ተጠባባቂው ወደ ኋላ ቀርቶ፣ የሚያስፈልገው ሎግ ከዋናው ላይ ተሰርዞ ነበር። ችግሩን ለመፍታት የሚታገለው መሐንዲስ ተጠባባቂው መስሎት የዋናውን ዳታ ማውጫ አጠፋ። ስድስት ሰዓት ያህል ዳታ ጠፋ። ምትኬው መክሸፉን የሚያሳውቁት ኢሜይሎችም ተቀባዩ ጋ ሳይደርሱ ውድቅ ይደረጉ ነበር። ስለዚህ ማንቂያውን ሆን ብለው ቀስቅሰው ያሳዩኝ እላለሁ፤ ተጠባባቂውን ለአፍታ አቁሙት፣ ስልክ የሚጮኸው የማን እንደሆነ ልይ።

የባንክ ደንበኛ፦
ቴክኒኩን በሙሉ አልተከታተልኩም፤ ግን አንድ ነገር ይገርመኛል። እኔ ገንዘብ ልኬ ደረሰኝ ስቀበል ደረሰኙ በአንድ ቦታ ብቻ ያለ መዝገብ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል ማለት ነው? ቢጠፋ የማስረዳት ሸክሙ በእኔ ላይ ነው ወይስ በባንኩ? ስለዚህ ማንም አልተናገረም።

ኮድ ጻፊ፦
እህቴ፣ ሕግ ይሁን ያልኩት ለዚሁ ነው። የክሩ ነገር አሳምኖኛል፤ ያለ ክትትል የሚወጣ ሕግ ወረቀት ነው። ሐሳቤን ግን አልተውኩም፣ አጠበብኩት። ፖስትግሬስ ላይ ኮሚቱ ተጠባባቂውን ይጠብቅ አይጠብቅ የሚለውን ለእያንዳንዱ ግብይት ለየብቻ መወሰን ይቻላል። የሂሳብ ዝውውር ይጠብቅ፤ የገጽ ጉብኝት መዝገብ አይጠብቅ። ተጠባባቂውም ሁለት ይሁንና ከሁለቱ የአንዱ ማረጋገጫ ይብቃ። ያን ጊዜ የአንዱ መውደቅ ሥራ አያቆምም።

የሌሊት ተረኛ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ የምፈርመው ግን ሁለቱም ተጠባባቂዎች በአንድ ጊዜ ቢጠፉ ምን እንደሚደረግ ከተጻፈ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲንክሮነሱን አንስቶ ሥራ የማስቀጠል ሥልጣን የማን ነው? የእኔ ከሆነ በጽሑፍ ይሰጠኝ። ካልሆነ በዚያ ሰዓት ስልክ የሚያነሳው ኃላፊ በስም ይመደብ። ሲንክሮነስ ያልነበርንበት እያንዳንዱ ደቂቃም ተመዝግቦ ለኦዲተሯም ለደንበኛዋም ይድረስ።

ኮድ ጻፊ፦
ለደንበኛዋም?

የሌሊት ተረኛ፦
አዎ። ደረሰኙን የያዘችው እሷ ናት።