የልጄን የስካውት ባጆች ደሴ ላሰፋ ነው፤ የቱ የት ይሰፋል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም የወሎ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? ልጄ እዚህ አሜሪካ ስካውት ከገባች ቆይታለች፤ አሁን ስታር የሚባለው ማዕረግ ላይ ደርሳለች። ቤት ውስጥ አንድ ፌስታል ሙሉ ባጅ ተከማችቷል። ክቡ፣ አራት ማዕዘኑ፣ የካምፕ ማስታወሻው፣ ምኑ ቅጡ። ክረምቱን ደሴ ስለምንገባ እዚያው ልብስ ሰፊ ጋ ልሰጠው አስቤያለሁ። እናቴ በስልክ «ለፍታ ያገኘችው ነው፣ ሁሉንም ደርድሩላት» ትለኛለች። መስከረም ላይ የሽልማት ፕሮግራም አላቸው። የቱ የት ነው የሚሰፋው? የኢትዮጵያ ባንዲራስ ይቻላል?

ከአሌክሳንድሪያ፦

እህቴ አብሽሪ፣ ቀላል ነው። ልጄ በዚህ መንገድ ስላለፈ ነገሩን አውቀዋለሁ።

እናትሽን ሰላም በይልኝ፤ ግን ሁሉም አይደረደርም። አባት አርበኞች የአድዋ ዕለት ደረታቸውን በሜዳሊያ ሞልተው ሲወጡ እያየን ስላደግን፣ ሽልማት ሲባል ሁሉም አንድ ላይ መታየት ያለበት ይመስለናል። የስካውት ሸሚዝ ግን የሚናገረው ልጅቷ ዛሬ የት እንደደረሰች ነው። ማዕረግ የሚለበሰው አንድ ብቻ ነው፣ የአሁኑ። ስታር ከሆነች ከሱ በፊት የነበረው ፈርስት ክላስ ይነሳል። ቀጥሎ ያለውን ላይፍ ስታገኝ ደግሞ ስታሩ ይነሳል። ቦታው የግራ ኪስ መሀል ነው። የወረዱትን የትም አትጣያቸው፤ በመስታወት ፍሬም ውስጥ ደርድሪና ሳሎን ስቀይ። የእናትሽም ልብ ይረካል።

ግራ ስል የለባሿን ግራ ነው፣ የልብ በኩል። ሸሚዙ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ ግራና ቀኝ ይምታታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ከግራ ኪስ በላይ፣ በኪሱና በትከሻው ስፌት መካከል፣ ሐምራዊው ክብ የዓለም ስካውት ምልክት ይሰፋል። በትንሽነቷ ካብ ስካውት (የትንንሾቹ ክፍል) ሆና የዚያን ክፍል ከፍተኛ ባጅ፣ አሮው ኦፍ ላይትን፣ አግኝታ ከሆነ እሱ ከግራ ኪስ በታች ይገባል። ይህን ከማዕረግ ባጅ ጋር አንድ ላይ መልበስ ይቻላል። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት መሪ ብትሆን ግን ባጁ ይቀርና በምትኩ ትንሽ የቋጠሮ ጥልፍ ከኪስ በላይ ታደርጋለች።

እጅጌው ላይ ብዙ ወሬ የለም። በግራ በኩል የካውንስሉ (የአካባቢው የስካውት አስተዳደር) ባጅ የትከሻውን ስፌት ነክቶ ይሰፋል፣ ከሥሩ የቡድኑ ቁጥር፣ ከዚያ ሥር ኃላፊነት ካላት የኃላፊነቷ ባጅ። በቀኝ በኩል ላይ የአሜሪካ ባንዲራ፣ ከሥሩ የፓትሮሏ ምልክት፣ ማለትም በቡድኑ ውስጥ ያለችበት ትንሽ ምድብ።

እነዚያ ትናንሽ ክብ የሙያ ባጆች፣ ሜሪት ባጅ የሚባሉት፣ ሳሽ ላይ ይሰፋሉ። ሳሽ ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ዳሌ የሚወርደው ሰፊው ጨርቅ ነው። የመጨረሻው ማዕረግ ኢግል ላይ ለመድረስ 21 ሜሪት ባጅ ስለሚያስፈልግ ለነገ የሚሆን ቦታ እየተዋችሁ ስፉ። ሳሹ ለክብር ፕሮግራም ነው የሚለበሰው። አጥፎ ቀበቶ ላይ ማንጠልጠል ነውር ነው፤ ልጆቹ ግን ይወዱታል፣ ተቆጪያት።

የካምፕ ማስታወሻዎቹ ቀኝ ኪስ ላይ አንድ ብቻ። ሌሎቹን ስካውቶች ብርድ ልብስ ላይ ይሰፏቸዋል። የኛን ባንዲራም እዚያ ወይም ቦርሳዋ ላይ አድርጊላት፣ ሸሚዙ ላይ ቦታ የለውም። የትኛው ባንዲራ የሚለውን ክርክር ግን እባካችሁ እዚህ አናንሳው።

ከሚኒያፖሊስ፣ የሐይቅ ልጅ፦

እኔም ልጠይቅ። እኛ ቤት እንደምታውቁት ድብልቅ ነው። የኔ ልጅ ሙስሊም ነው፣ የእህቴ ልጅ ኦርቶዶክስ ነው፣ ሁለቱም አንድ ቡድን ውስጥ ናቸው። የሃይማኖት ሽልማት አለ ሲሉ ሰማሁ። አለባበሱ ይለያያል?

ከአሌክሳንድሪያ፦

ማሻአላህ፣ ይሄማ የወሎ ቤት ነው! ሽልማቱን የሚያዘጋጀው ስካውቱ ሳይሆን የየሃይማኖቱ አካል ነው። ስለዚህ ትምህርቱም ሜዳሊያውም ይለያያል። ለምሳሌ በእስልምና በኩል ለትንንሾቹ ካብ ስካውቶች ቢስሚላህ የሚባል አለ። ሜዳሊያው ለክብር ቀን ብቻ ከግራ ኪስ በላይ በመርፌ ይያያዛል።

በአዘቦት ቀን በሜዳሊያው ፋንታ የሚሰፋው የቋጠሮ ጥልፍ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ሐምራዊ መደብ፣ በላዩ ብርማ ቋጠሮ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይሁዱም ያንኑ ነው የሚለብሰው። ሁለቱ ዘመዳሞች ጎን ለጎን ቢቆሙ ደረታቸው ላይ ልዩነት አታይም። ቦታው ያው ከግራ ኪስ በላይ ነው።

እንግሊዝና ካናዳ ያላችሁ ግን ይህንን እንዳለ አትውሰዱት፤ የየአገሩ ደንብ ለየብቻ ነው። የቡድን መሪያችሁን ጠይቁ።

ከደሴ፦

ውይይቱን ሳነብ ልብስ ሰፊ መሆኔ ትዝ አለኝና ዝም ማለት አቃተኝ። እህታችን፣ ኪስ ላይ ያለውን ባጅ በመኪና የሚሰፋ ሰው ካገኘሽ ተጠንቀቂ፤ ኪሱን ከሸሚዙ ጋር አብሮ ይደፍነዋል። ወይ ኪሱ ተፈትቶ ባጁ ተሰፍቶ ይመለሳል፣ ወይ በእጅ ይሰፋል። የማዕረጉ ባጅ የሚቀያየር ከሆነ በእጅ፣ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ቢሰፋ ይሻላል። ሲፈታ ጨርቁ አይጎዳም። ክሩ ከባጁ ጠርዝ ቀለም ጋር ይመሳሰል እንጂ ከሸሚዙ ጋር አይደለም። በካውያ የሚለጠፈውን ማጣበቂያ ደግሞ ተዪው፣ ሲነሳ ጨርቁ ላይ ምልክት ይተዋል።

ሸሚዙን ብቻውን አትላኪ። ልጅቷን ይዘሽ ነይ፣ ለብሳው በጠመኔ ምልክት እናድርግበት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ከመስከረም በፊት ላይፍ ልትሆን ትችላለች ብላኛለች፣ ስለዚህ የግራ ኪሱን ማዕረግ እዚያ አላሰፋም። የእጅጌውንና የሳሹን ደሴ እንጨርሳለን። ለእናቴ ፍሬሙን ነግሬያታለሁ፤ «እሺ፣ ግን አንዱን ለኔ ቤት» ብላለች።